ዘፋኙ የቀረበት ምሽት፦ ስለ ማሕሙድ አሕመድ አነሣሥ

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ማሕሙድ አሕመድ በሚሊኒየም አዳራሽ መድረክ ቆሞ አድማጩን ከተሰናበተ ወዲህ፣ ስለ እሱ የሚጻፈውና የሚነገረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ በአንድ ታሪክ ላይ ሲያርፍ አያለሁ። ሊስትሮ የነበረ የመርካቶ ልጅ፣ በሚሠራበት የምሽት ክለብ አንድ ቀን ዘፋኙ ሲቀር መድረክ ላይ ወጣ፣ በዚያው ዘፋኝ ሆኖ ቀረ የሚለው ታሪክ ነው። ታሪኩ እውነት ነው። ሆኖም ሲደጋገም እንደ ተረት እየቀለለ፣ እንደ ሎተሪ ዕጣም እየተቆጠረ መምጣቱ ቅር ያሰኘኛል፤ ምክንያቱም ከዚያች ምሽት በፊት የነበሩት የማዳመጥ ዓመታት፣ ከዚያች ምሽት በኋላም የመጀመሪያው ሸክላ እስኪወጣ ድረስ ያለፉት ስምንት ዘጠኝ ዓመታት በዚህ አነጋገር ውስጥ ጨርሶ አይታዩም። እኔ ደግሞ ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለ እነዚያ ዓመታት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በዕድሜውም በሥራውም አንቱ ልለው በተገባኝ ነበር። ነገር ግን በቤታችን ስሙ ከአባቴ አፍ ሲወጣ ሁልጊዜ «ማሕሙዴ» እየተባለ ስለ አደግሁ፣ አንቱታው ከዘፈኖቹ የሚያርቀኝ ይመስለኛል፤ አንባቢዬ ይህን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥርብኝ እለምናለሁ።

ማሕሙድ የተወለደው ሚያዝያ 30 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ነው። ቀኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነበርና፣ ሕፃኑ ወደዚህ ዓለም የመጣው ከተማው በዚያ ደስታ ላይ ሳለ፣ በሦስተኛው ቀን ነው ማለት ነው። መርካቶም ራሷ ያን ጊዜ ገና ጨቅላ ነበረች። የድሮው ታላቅ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ጣሊያኖች ከተማዋን በዘር ከፋፍለው ለመሥራት ሲነሡ አገሬውን ወደ ምዕራብ ገፍተው «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለትም የአገሬው ሰው ገበያ ያሉትን አቋቋሙ። ወራሪው ሲባረር «ኢንዲጄኖ» የሚለው ወደቀ፣ «መርካቶ» የሚለው ግን በእኛ አፍ የእኛ ሆኖ ቀረ። ለመለያየት ታስቦ የተመሠረተው ሰፈር ከየአገሩ የመጣ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በአንድ በረንዳ የሚውልበት ሆነ፤ ከጉራጌ አገር የሚመጣው ሰው ደግሞ ተሸክሞ፣ ቸርችሮ፣ ጫማ ጠርጎ፣ ቆይቶም ሱቅ ከፍቶ የሰፈሩን ጠባይ ከሠሩት ሰዎች ዋነኛው ነበር። የማሕሙድ ቤተሰብም ከጉራጌ ወገን ነው። ይህ ልጅ በኋላ መድረክ ላይ ትዝታን አልቅሶ ሲያበቃ በጉራጊኛ ጭፈራ ሕዝቡን ከመቀመጫው ሲያስነሣ የምናየው፣ ሁለቱም በአንድ ሰፈር ጆሮው ስለ ገቡ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትምህርት አልሆነለትም። እንደ ብዙው የሰፈሩ ልጅ የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ወጣ። ስለ ሊስትሮነት ሲወራ ድህነቱ ብቻ ይነሣል፤ እኔ ግን ስለዚህ ሥራ ሌላ ነገር አስባለሁ። የሊስትሮ እጅና ዓይን በሰው ጫማ ላይ ነው፣ ጆሮው ግን ነፃ ነው። የሚቀመጠውም ሰው በሚበዛበት፣ በቡና ቤትና በሆቴል ደጃፍ ነው፤ ከውስጥ የሚወጣውን ዘፈን ያለ ክፍያ ይሰማል፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሰው አነጋገር ሁሉ ይሰማል። ማሕሙድ ከልጅነቱ ጀምሮ በሬዲዮ ለሚሰማው ዘፈን ልቡ የተሸነፈ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ይማርከው ነበር። በአንድ ዓመት አካባቢ የተወለዱ ሰዎች መሆናቸውን ሳስበው ይደንቀኛል። ጥላሁን በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ አገር ሲያስጨንቅ፣ እኩያው ማሕሙድ ከሬዲዮው ወዲህ ማዶ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።

እዚህ ላይ የዘመኑን የሙዚቃ አደረጃጀት ማስታወስ ግድ ይላል፤ ያለዚያ ዘፋኙ የቀረበት የአሪዞና ክለብ ምሽት ትርጉም አይገባንም። ዛሬ ድምፅ ያለው ወጣት ስቱዲዮ ይገባል፣ አቀናባሪ ይፈልጋል፣ ሥራውን በስልክ ላይ ይለቅቃል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን ዘመናዊ ሙዚቃ የመንግሥት ንብረት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጀምሮ የትንፋሽ መሣሪያዎች በአገራችን የቤተ መንግሥትና የሠራዊት ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላም ክብር ዘበኛው፣ ጦር ሠራዊቱ፣ ፖሊሱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቆይቶም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ፤ መሣሪያው የተቋሙ፣ ተጫዋቹ የተቋሙ ደመወዝተኛ፣ ዘፋኙም የተቋሙ ሰው ነበር። በሬዲዮ የሚሰማውም በአብዛኛው የእነዚሁ ተቋማት ሥራ ነው። ድምፅ ያለው ልጅ ከእነዚህ በሮች በአንዱ ካልገባ በቀር ለሠርግና ለሰፈር ከማንጎራጎር አያልፍም ነበር። ለመርካቶ ሊስትሮ ደግሞ የክብር ዘበኛን በር የሚያንኳኳበት መንገድ አልነበረውም።

በሩን ያገኘው ከጎን በኩል ነው። አሪዞና የሚባለው የምሽት ክለብ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው ሲወጡ የሚሰባሰቡበትና የሚጫወቱበት ቤት ነበር። ማሕሙድ በዚህ ክለብ የተገኘውን ሁሉ የሚሠራ ሠራተኛ ሆኖ ገባ። እስከ አሁን በደጃፍ ይሰማው የነበረውን ሙዚቃ አሁን ከግድግዳው ወዲህ፣ ከመድረኩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሰማው። እ.ኤ.አ. በ1962 በአንዱ ምሽት የባንዱ ዘፋኝ ቀረ። ማሕሙድ ጥቂት ዘፈኖችን እንዲዘፍን እንዲፈቅዱለት ጠየቀ፤ ፈቀዱለት፤ ዘፈነ።

ታሪኩን የሚያወሩ ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርሱ ስለ ዕድል ያነሣሉ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት መድረኩ ላይ የሆነውን በዝግታ ላስበው እወዳለሁ። የትንፋሽ መሣሪያ ያለው ባንድ እንደ ማሲንቆ አይደለም፤ አዝማሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አብሮት ከፍ፣ ዝቅ ሲያደርግ ዝቅ እያለ አይከተልም። ሳክስፎኑና ትራምፔቱ የተጻፈ ወይም አስቀድሞ የተስማሙበት መግቢያ አላቸው፣ የሚያርፉበት ቦታ አላቸው፣ የተወሰነ ቅኝትና ከፍታ አላቸው። ያለ ልምምድ ከእነሱ ጋር የቆመ ሰው መግቢያው ሲያልቅ የት እንደሚገባ፣ ስንት ዙር እንደሚዘፍን፣ መሣሪያዎቹ ሲገቡ የት ዝም እንደሚል ካላወቀ በመጀመሪያው ዘፈን ይዋረዳል። ማሕሙድ አልተዋረደም፤ እንዲያውም ብዙም ሳይቆይ ከባንዱ መደበኛ ዘፋኞች አንዱ ሆነ። ይህ የሚያሳየኝ ያ ልጅ ሥራውን እየሠራ ማታ ማታ ሙሉውን ዝግጅት፣ ከዘፋኙ ድርሻ አልፎ የእያንዳንዱን መሣሪያ ድርሻ ጭምር፣ በጆሮው አጥንቶ እንደ ነበር ነው። ልምምዱን ማንም አላየለትም እንጂ ልምምድ ነበረ። ድፍረቱም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ሲያዝዙት የኖሩትን ሰዎች፣ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች፣ «እኔ ልዝፈን» ማለት ለአንድ ተላላኪ ምን ያህል እንደሚከብድ በሰው ቤት ተቀጥሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም በወጣትነቴ ተቀጥሬ በሠራሁበት አንድ ቤት የምችለውን ነገር እችላለሁ ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ የማሕሙድን ታሪክ ስሰማ ከምንም በላይ የሚገርመኝ ያ ጥያቄው ነው።

ጊዜውም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ የክፍሉ መከራ ለሙዚቀኞቹም ተርፏል። ጥላሁን ገሠሠ ራሱ ታስሮ ተፈቷል፤ በኋላም ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተዛውሯል። ማሕሙድ ዘፈነ የሚባልበት ምሽት ከዚያ ክስተት በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወይም ገና እንደ ሞላ ነው። የአገሪቱ ታላቅ ድምፅ የነበረበት ባንድ ድምፅ የሚፈልግበት ጊዜ ነበር ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ሰዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ «በክብር ዘበኛ ባንድ ውስጥ እስከ አብዮቱ ድረስ ዘፈነ» ይላሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በአንድ ትልቅ የትንፋሽ ባንድ ፊት አሥራ ሁለት ዓመት የቆመ ድምፅ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የማሕሙድን ቀደምት ዘፈኖች ያዳምጥ። ድምፁ አይጮኽም፣ ግን ከሳክስፎኖቹ በላይ ይሰማል። የቃሉን መጨረሻ ወዲያው አይለቀውም፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያጥፈዋል፣ ከዚያ በሌላ ድምፅ ላይ ያሳርፈዋል። ይህ ማንቀጥቀጥ መሠረቱ የአዝማሪና የአገር ቤት እንጉርጉሮ ነው፣ የመንዙማም ወዝ አለበት የሚል ጆሮ ያለው ወዳጅ አለኝ፤ ሥርዓቱን ግን፣ ማለትም መቼ ተንቀጥቅጦ መቼ ቀጥ እንደሚል፣ የተማረው ከወታደሮቹ ባንድ ነው። በችክችካ ምት ላይ ሲዘፍን ምቱን ጥቂት ዘግየት ብሎ የሚከተልበት መንገድ አለ፤ ከበሮው ሲሮጥ እሱ አይሮጥም። ጥላሁንን እየወደደ ጥላሁንን አለመምሰሉም የዚህ ረጅም ጊዜ ፍሬ ነው። በዚያ ዘመን ጥላሁንን ያልመሰለ ወጣት ዘፋኝ ማግኘት ራሱ ችግር ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ሲዘፍን ሸክላ ያላስቀረጸው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የችሎታ አልነበረም። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ማኅበሩም ዘመናዊውን ሙዚቃ የማሳተም ብርታት አላሳየም። ይህን ግንብ የሰበረው በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ ወጣት፣ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ሸክላ ይሸጥ የነበረው አመሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፈቃድ ሳይኖረው፣ መታሰርም ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ፣ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ወደ ውጭ አገር ልኮ በሸክላ አሳተመ። ሸክላው መጥቶ ሲሸጥ ማንም ሊያስቆመው አልቻለም። አመሃ ሪከርድስ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያደንቀው ዘመን ቅርስ አብዛኛው የዚህ ሰው ድፍረት ነው፤ አመሃ በሕይወት ሳለ በአገሩ ይህን ያህል ሲመሰገን አለመስማቴ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የማሕሙድ የመጀመሪያ ሸክላ የወጣው በዚሁ በአመሃ አሳታሚነት፣ በቬነስ ባንድ አጃቢነት፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በአንደኛው ገጽ «ናፍቆት ነው የጎዳኝ»፣ በሌላው «ያስደስታል» ነበሩ። አባቴ ይህን ሸክላ የገዛው ማጫወቻ ሳይኖረው ነው። ያን ጊዜ መርካቶ ልብስ ሰፊ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ሸክላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከትራሱ ሥር እያስቀመጠ፣ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ማጫወቻ ወዳለው ጓደኛው ቤት ይዞት እየሄደ ያዳምጥ እንደ ነበር ነግሮኛል። እኔ ሸክላውን ያወቅሁት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ጠርዙ ተሸርፎ፣ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ደብዝዞ ነው። አሁንም ሲጫወት መግቢያው ላይ ከዘፈኑ ይልቅ የመርፌው ጭርጭርታ ይበዛል፤ ከዚያ የማሕሙድ ድምፅ ይመጣና ጭርጭርታው የሚረሳ ነገር ይሆናል። አንድ ዘፋኝ በክለብ ሲዘፍን የሚሰማው ክለብ የሚገባ ሰው ነው፤ በሬዲዮ ሲዘፍን የሬዲዮው ሰዓት ሲያልቅ ያልቃል። ሸክላ ሲሆን ግን የልብስ ሰፊው ትራስ ሥር ያድራል። ማሕሙድ ዝነኛ የሆነው በዚያ ጊዜ ነው የምለው ስለዚህ ነው፤ በችሎታው የበሰለው ግን ቀደም ብሎ ነበር፣ ለዚህም ይመስለኛል የመጀመሪያው ሸክላ የጀማሪ ሥራ የማይመስለው።

ከዚያ ነገሮች ፈጠኑ። «አልማዝ» የሚለው ሥራው ተከተለ፤ ማሕሙድ ከክብር ዘበኛው ጎን ለጎን በሆቴሎችና በክለቦች ከግል ባንዶች ጋር መዝፈኑን ቀጠለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ክብር ዘበኛው ከነባንዱ ታሪክ ሆነ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ያ አዋጅ መልኩን እየለዋወጠ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ዘለቀ፣ የአዲስ አበባን ሌሊትም ገደለው። ጨዋታ የወደደ ሰው ክለብ ገብቶ በሩ ከውስጥ ተቆልፎበት እስኪነጋ መጠበቅ ነበረበት። አመሃ እሸቴም አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

በዚህ መሐል፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ማሕሙድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሆኖ «ኧረ መላ መላ»ን ሠራ፤ ያሳተመው አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው የካይፋ ሪከርድስ ባለቤት አሊ አብደላ ነው። ዘፈኑ የፍቅር ነው፤ ይሁንና በዚያ ዓመት መላ የማይፈልግ ማን ነበረ? ልጁ የታሰረበት፣ መሬቱ ወይም ቤቱ የተወረሰበት፣ ነገ ምን እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው «መላ» የሚለውን ቃል በዚያ ድምፅ ሲሰማ ስለ ፍቅር ብቻ ያስብ ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ባንዱም የተለየ ነበር። የክብር ዘበኛው ሰፊ የትንፋሽ ሠራዊት ቀርቶ ጥቂት ወጣቶች፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታር፣ ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ፈቃደ አምደ መስቀል በሳክስፎን፣ አንድን ሐረግ እየደጋገሙ እንደ ዝማሬ ያዞሩታል፤ ማሕሙድ በላዩ ላይ እንደ ልቡ ይመላለሳል። አሥራ ሁለት ዓመት በሥርዓት የተገታ ድምፅ ሲለቀቅ የሚሰማ ይመስለኛል። ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱን ምረጥ ቢሉኝ የምመርጠው ይህን ነው።

ከሸክላ ወደ ካሴት የተደረገውን ሽግግር፣ ከሮሃ ባንድ ጋር የሠራቸውን ዓመታት በዝርዝር ለሌላ ጊዜ እተወዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድ ማሕሙድንና ጌታቸው ካሳን ይዞ ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሲሄድ፣ አዳራሹን የሞሉት በአብዛኛው ከአገራቸው የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ አባላት አራቱ እዚያው ቀሩ። ያን ዘመን የሚያስታውስ ሁሉ አይፈርድባቸውም። ማሕሙድ ግን ተመለሰ፤ ፒያሳ ላይ የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ካሴት እየሸጠ፣ ማታ ማታም እየዘፈነ ኖረ።

በ1984 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ፣ አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ይዞለት የመጣውን የማሕሙድን ሸክላ ሰማ። ቋንቋውን አያውቅም፣ የሚዘፍነው ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረው ሰው በአካባቢው አልነበረም። በዓመቱ ዘፋኙን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጂግ አሳታሚ ከአይቤክስ ጋር የተሠሩትን ዘፈኖች ሰብስቦ «ኧረ መላ መላ» በሚል ርእስ ለአውሮፓ አወጣ። ሥራው ከተቀረጸ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ለአውሮፓ ጋዜጦች ግን አዲስ ድምፅ ነበር። ከዚያ የድሮ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን ለዓለም ያቀረቡት ኢትዮፒክስ የተባሉ ተከታታይ አልበሞች፣ የውጭ አገር መድረኮች፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት መጥተዋል።

እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማስበው ያን 1986ን ነው። ስሙ ብራስልስና ፓሪስ ሲነሣ፣ ሰዓት እላፊው አዲስ አበባ ላይ እንዳለ ነበር፤ ማሕሙድም የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነበር። አባቴ በእነዚያ ዓመታት ደመወዝ ሲቀበል ወደ ፒያሳ ወጥቶ ካሴት መግዛት ልማዱ ነበር። ገዝቶ ሲመለስ ካሴቱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና፣ ከማጫወቱ በፊት እናቴን «ማሕሙዴ አዲስ አወጣ» ይላት ነበር።